ለቆመች መኪና የተጣለ ግዝት

ቢቸና፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ለይርጋነሽ፣ ሞጣ

አምላከ አበው ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ልጆችሽ፣ ሱቅሽ፣ ያ የሞጣ ብርድ እንዴት ይዘውሻል? እኔም ሰሎሜም በነፍስ አለን። በነፍስ አለን ያልኩሽ ለወጉ አይደለም፤ ባለቤቴ ትናንት ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ስልኩ ከተቋረጠ ሰንብቷልና ይህን በአብዱልዋሂድ እጅ ልኬልሻለሁ። ጨርቅ ነጋዴው፣ የአገርሽ የሞጣ ሰው፣ ታውቂዋለሽ። መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ለቢቸና ገበያ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአጎታችን ተዝካር መጥተሽ፣ የመልሱ መንገድ ቢያስፈራሽ አደራ ብለሽኝ የሄድሽው ቪትዝ መኪናሽ ትናንት እኩለ ቀን ላይ ከቆመችበት ተነስታ፣ ቁልቁል ወርዳ፣ የማድ ቤታችንን ግድግዳ ጥሳ ገባች። ሰው አልነበረባትም። ሞተሯም አልተነሳም። ሰሎሜ ወጥ ጥዳ ጨው ልታመጣ ወደ ትልቁ ቤት እንደ ወጣች ነው ግድግዳው የተናደው። ጨው ባያልቅባት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ መርዶ ነበር።

የመኪናሽ አንድ መብራት ተሰብሯል፣ የፊት መከላከያዋም ተሰንጥቋል። እሱ ይጠገናል። ጎረቤት ተረባርቦ ጎትቶ ወደ ቦታዋ መልሷታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የቆመች መኪና በራሷ አትሄድም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ ስወርድ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድም ቀን ያቆምኩት መኪና አምልጦኝ አያውቅም። ማርሽ አስገብቼ ነው ያቆምኳት። በግቢው ከታሰረችው ጥጃ በቀር ማንም አልነበረም ይላሉ። ይላሉ ነው የምልሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ነገሩን እስካጣራ ለማንም አታውሪ።

ወንድምሽ ባንተአምላክ

•

ሞጣ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ባንተአምላክ፣ ቢቸና

እትዬ ሰሎሜን በጨው ሰበብ ያወጣ አምላክ ክብር ምስጋና ይግባው። መኪና ይተካል፣ እሷ አትተካም። ከንፈሯን ይሳሙልኝ አልልዎትም፣ ግንባሯን ይሳሙልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ሱቁም ደብተርና እስክርቢቶ ካለቀበት ቆይቷል እንጂ ክፍት ነው።

ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ስሄድ መኪናዋን ያቆምኳት ከግቢ ውጭ፣ ሜዳው ላይ፣ ከግራሩ ሥር ነው። እርስዎ ግን ቁልቁል ወርዳ ማድ ቤት ገባች ይሉኛል። ከግራሩ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ እንኳን መኪና ኳስም አይንከባለል። ታዲያ ማን አስገባት? እኔ አደራ ያልኩዎ ሞተሯን አልፎ አልፎ አስነስተው እንዲያሞቁልኝ ብቻ ነበር።

አብዱልዋሂድ ደግሞ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ ሳቅ ሳቅ ብሎታል። ምነው ስለው፣ «መኪናሽን ገበያ መሃል አየኋት፣ በመስኮቱ ሁሉ ነጭ ጥምጣም ሞልቶ» አለኝ። እሱ ውሸት አያውቅም።

እውነቱን ልንገርዎ? ልቤ የሚለኝ ማድ ቤቱን የመቱት እርስዎ ራስዎ ሲነዱ ነው። ከሆነም ሆነ፣ ሰው አልሞተ፣ እንነጋገራለን። ብቻ ባዶ መኪና ተነስታ ሄደች እያሉ እንደ ልጅ አያታልሉኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።

ታናሽ እህትዎ ይርጋነሽ

•

ቢቸና፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይርጋነሽ፣ ሞጣ

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

በእህቴ ብዕር ውሸታም ተባልኩ፤ የባሰ አታምጣ ነው። ባንተአምላክ ስንት ነገር ይባላል፣ ቁጡ ይባላል፣ ግትር ይባላል፣ ውሸታም ግን እስከ ዛሬ ያለኝ የለም።

አዎ፣ አንቀሳቅሻታለሁ። ካህናቱን ከለቅሶ ቤት ወደ ደብሩ አድርሻለሁ። ቄስ ዘመነ ራሳቸው ከፊት ተቀምጠው ነበር፣ ይመስክሩ። እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ በእግር ይሂዱ እያልኩ መኪና ላሞቅ ኖሯል? ስመለስ ሜዳው ላይ ከብት ስለ ነበር ወደ ግቢ አስገብቼ ከማድ ቤቱ በላይ አቆምኳት። ፊቷ ወደ ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁል የቆመ መኪና የኋላ ማርሽ ይገባበታል፣ ሽቅብ የቆመ አንደኛ ማርሽ፤ ይህን ከአባቴ ስም እኩል ነው የማውቀው። የኋላውን ማርሽ፣ ያንን አር የሚለውን አስገባሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። የእጅ ፍሬኑን አልሳብኩም። ሽቦው ነክሶ አልለቅ ይላል፣ ማርሽ ከገባ ደግሞ ትርፍ ነው።

አሁን የማውቀውን ልንገርሽ። ግቢ ያቆምኳት ዕለት ቁልፉን ልነቅል ብጎትት ብጎትት እምቢ አለኝ። ጣቴን ሲያመኝ እዚያው እንደ ተሰካ ትቼው ገባሁ። ደብሩ ደጅ ቆማ ሳለች ሰው በሐሰተኛ ቁልፍ ነካክቷታል ማለት ነው። ከአደጋው በኋላ ላስነሳት ብል ደግሞ ባትሪዋ ድርቅ ብሏል። የቆመች መኪና ባትሪ ማን ጠጣው?

ዋናው ይህ ነው። መኪናዋ በሄደችበት ዕለት ጠዋት ሰሎሜ ፋንታን አይታዋለች። ጎረቤቴን ፋንታን፣ አበልጄን፣ ልጄን ጸደንያን ክርስትና ያነሳውን ሰው ነው የምልሽ። ከመኪናዋ የፊት ጎማ ዘንድ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል በብብቱ የሆነ ነገር ይዟል። ምን እንደሆነ አልታያትም። መፍቻ እንጂ ምን ሊሆን ነው? ክረምት በቦዩ ውኃ ከተጣላን ወዲህ እግዜር ይስጥልኝ ሲለኝ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው። ሄጄ ብጠይቀው፣ «የራሴን ነው ያነሳሁት» ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ መፍቻውን አምጣ አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ። የራሱን! ከኔ ግቢ የራሱ የሆነ ምን አለው?

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ አገሩ በሞላበት፣ በቄስ ዘመነ አስገዝታለሁ። መኪናዋን የለቀቀ ሰው እኔ ነኝ ብሎ እስኪወጣ ድረስ የተገዘተ ይሁን፤ የደብሩን ቅጥር አይርገጥ፣ ጠበል ጻድቅ አይቅመስ። ያን ጊዜ የዋሸሽ ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ባንተአምላክ

•

ሞጣ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ባንተአምላክ፣ ቢቸና

ይቺን ሲያነቡ ተቀምጠው ከሆነ ተነስተው ቄስ ዘመነ ቤት ይሂዱ። ሰላምታውን ከዚያ በኋላ እናደርሳለን።

መኪናዋን ማንም አልለቀቃትም። መጀመሪያውንም አልታሰረችም።

ጋሼ፣ ይስሙኝ። አውቶማቲክ መኪና እንደ እርስዎ አይሱዙ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም። በአይሱዙው ሞተር ሲጠፋና ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ ጎማውን አንቆ ይይዘዋል፤ እርስዎም ዕድሜዎን ሙሉ በዚህ ነው ያቆሙት፣ ትክክል ነው። በቪትዟ ግን በሞተሩና በማርሽ ሳጥኑ፣ በካምቢዮው መሃል ያለው ዘይት ነው። ሞተሩ ከጠፋ ያ ዘይት ምንም አይይዝም። አር ላይ ትሁን ዲ ላይ ትሁን ማርሽ ሳያስገቡ ፎሌ ላይ እንደ ተዉዋት ይቁጠሩት። የሚያስራት ፒ ብቻ ነው። ማርሹን ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ገፍተው ፒ ላይ ሲያደርሱት በካምቢዮው ውስጥ አንድ የብረት ጥርስ ወርዶ ይቆልፋታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቷ ሁሉ በዚያ ጥርስ ላይ እንዳይወድቅ፣ እግርዎ ፍሬን ላይ እንዳለ የእጅ ፍሬኑን ይስባሉ፣ ከዚያ ነው ፒ የሚገባው። የቪትዝ የእጅ ፍሬን አይነክስም።

ቁልፉንም የነካካው የለም። ፒ ላይ ካልሆነች ቁልፏን አትሰጥም፣ አሠራሯ ነው። እምቢ ስትልዎ ልክ አላቆምከኝም ማለቷ ነበር። ቁልፉ እንደ ተሰካ ስለ ዋለና ስላደረ ባትሪውን የጠጣው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ እሷን ለማስኬድ ፋንታ አያስፈልግም፤ ያቺ ጥጃ ጎኗን ብታሽባት ይበቃታል። ካላመኑኝ ማርሹን ፒ ላይ ይግፉና ቁልፉን ይሳቡት።

ፋንታ በብብቱ የያዘውን እኔ አላውቅም። እሱን ራሱን ይጠይቁት፣ ግን ሲመልስልዎ ያስጨርሱት።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ስሄድ ይህን ልነግርዎ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ለዕድሜ ልክ ሾፌር ስለ ማርሽ ማውራት ድፍረት መሰለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ዋሹኝ ብዬ ጻፍኩልዎ፣ ወደ ግዝት የገፋዎት ያ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ነገር ግን ይህ ግዝት ቢወጣ የሚያርፈው በማን ራስ ላይ እንደሆነ ያስቡት።

አብዱልዋሂድ ነገ ይነሳል። ለበዓሉ እንዲደርስ ለምኜዋለሁ።

ይርጋነሽ

•

ቢቸና፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይርጋነሽ

ለደብዳቤዬ መልስ የለም። መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። መልስ ያለው ሰው በእግረኛም ይልካል። ዝምታሽ ገብቶኛል። በልጅነታችን የገና ጨዋታ ስንጫወት እንኳ ታጨበጭቢ የነበረው ለፋንታ ነው።

ግዝቱ ወጣ። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ቅዳሴ ሲያበቃ ቄስ ዘመነ መስቀላቸውን አንስተው፣ «የባንተአምላክን ግቢ መኪና የለቀቀ» ብለው ጀመሩ። እኔ ዓይኔን ከፋንታ ላይ አልነቀልኩም። ፊቱ አመድ መሰለ። አፉን ከፈት አደረገ፣ እኔን አየና መልሶ ዘጋው። ጠበል ጻድቁን ሳይቀምስ ነው የሄደው። ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ በሩን አልፎ አይገባም። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ንጹሕ ሰው ምን ውጭ አስቆመው?

ሰው ሁሉ አውቆበታል። ሚስቱ ውኃ ስትቀዳ የሚያናግራት የለም። ጸደንያ የክርስትና አባቷን እዚያ ቆሞ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፣ ሰሎሜም ከኔ ጋር ቃል መለዋወጥ ትታለች። ቤቴ ቀዝቅዟል። ቢሆንም እውነቱን አግኝቼዋለሁ።

መኪናሽን በድንጋይ ደግፌያታለሁ። ማስረጃ ናትና ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ቁልፏም እንደ ተሰካ ነው፣ ማርሿም ያው አር ላይ ነው።

ባንተአምላክ

•

ሞጣ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የጻፉት ደረሰኝ። የኔ አልደረሰዎትም። አብዱልዋሂድ መንገድ ተዘግቶበት ደብረ ወርቅ ቀርቷል፤ ደብዳቤዬም ከጨርቁ ጋር እዚያው ነው።

ይህን የያዙት፣ የእርስዎንም ያደረሱልኝ ወይዘሮ አስናቀች በእግራቸውም ቢሆን ቢቸና ይገባሉ። ሊነሱ ስለሆነ የምጽፈው አጭር ነው። መኪናዋ ውስጥ ይግቡ። ማርሹን ወደ ፊት፣ ፒ እስከሚለው ድረስ ይግፉት። ቁልፉን ይሳቡ። ከወጣልዎ፣ መኪናዋን ማንም አልለቀቃትም፤ ሲያቆሟት አልታሰረችም ነበር። ግዝቱም የፋንታ አይደለም።

ይርጋነሽ

•

ቢቸና፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይርጋነሽ፣ ሞጣ

የሰው ፊት ከማየት ጌታ ይጠብቅሽ። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ለሱቁ ደብተር መጣልሽ? ብርዱስ ቀለል አለ? ሰላምታ ካቋረጥን ሰንብተናልና የቀረውንም ደምሬ ነው የምጠይቅሽ።

የኋለኛው ደብዳቤሽ ነው ቀድሞ የደረሰኝ። አንብቤ ቀደድኩት። በገዛ ሙያዬ በሁለት መስመር ልትፈርድብኝ! ወደ መኪናዋ የሄድኩትም ውሸትሽን ላጋልጥ ነው። ማርሹን ገፋሁት፣ ፒ ላይ ገጭ አለ። ቁልፉን ሳብኩት። ያ ጣቴን የላጠኝ ቁልፍ ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። መልሼ ሰካሁትና ሳብኩት፣ አሁንም ወጣ። እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ሰሎሜ መጥታ ምን ሆንክ አለችኝ። ቁልፉን አሳየኋት። ስለ መኪና አታውቅም፣ የኔን ፊት ግን ታውቃለች፤ ከስንት ቀን በኋላ «ና ውጣ፣ ብርድ ነው» አለችኝ። አብዱልዋሂድም በማግስቱ ደርሶ የመጀመሪያውን ሰጠኝ። እሱን አልቀደድኩትም።

እሑድ ደብሩ ስደርስ ፋንታ ከወይራው ሥር ቆሟል። እኔም አልገባሁም። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ዞሮ አላየኝም። ቅዳሴው እየተጋመሰ ሳለ፣

«አንተ ምን ልትሆን ነው እዚህ የቆምከው?» አለኝ።

«ግዝቱ የኔ ነው። መኪናዋን ያላሰርኳት እኔ ነኝ።»

«አይደለም» አለ። «ግንዱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

የምን ግንድ አልኩት። የባሕር ዛፍ ጉማጅ ነው፤ ከወሰናችን ላይ ከከመረው ተንከባሎ እኔ ግቢ ገብቶ ኖሯል። መኪናዋን ሳቆም ሳላየው ጎማዋን አስጠግቼበታለሁ። ይዟት የከረመው የኔ የኋላ ማርሽ ሳይሆን የፋንታ ግንድ ነው። እሱ ለአጥሩ ሲፈልገው መጥቶ አነሳው። ሰሎሜ በብብቱ ያየችው ያንን ነው። ሲያነሳው መኪናዋ አልተነቃነቀችም፣ ምኑን ጠርጥሮ? እኩለ ቀን ላይ፣ እንዳልሽው ጥጃዋ ጎኗን አሽታባት ይሆናል፣ ግድግዳው ሲናድ ግን ገባው። ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ መፍቻውን አምጣ ብዬ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ግዝቱ ሲወጣ «የለቀቀ» የተባለው እሱ መሆኑን አመነ።

«ታዲያ ያን ዕለት እኔ ነኝ ለምን አላልክም?» አልኩት።

«ልል ነበር። ዓይንህን አየሁና ፈራሁ» አለኝ። ይርጋነሽ፣ ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው ዓይንህን ፈራሁ ያለኝ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ቄስ ዘመነ ሲወጡ ሁለታችንም እዚያው ነን። የተገዘተው ማነው ቢሉ እኔም እኔ ነኝ አልኩ፣ እሱም እኔ ነኝ አለ። «ሰው በርስት ሲሻማ አይቻለሁ፤ በግዝት ሲሻማ ግን ዛሬ ማየቴ ነው» አሉና ወደ ውስጥ አስገቡን። ሕዝቡ ሳይበተን ሁሉንም በአፌ ተናገርኩ፤ የኋላ ማርሹን፣ ቁልፉን፣ አበልጄን በመፍቻ መጠርጠሬን። ቄስ ዘመነ ፈቱን። ለኔ ንስሐም ጨመሩልኝ፣ ምን እንደሆነ አልነግርሽም።

ፋንታ ግን ቤት ግባ ስለው «ይቆይ» አለኝ። ጸደንያን ራሷን ስሞ ሄደ። ወደኔ እንኳ ዞር አላለም። አልፈርድበትም፤ ሚስቱ ውኃ ቀጂ መሃል ብቻዋን የቆመችውን እኔ ልመልስለት አልችልም።

መኪናሽ ባትሪ እስክትልኪ ከማድ ቤቱ በላይ ናት። ማርሿ ፒ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑንም ስቤዋለሁ፣ ቁልፏ ከኪሴ አይወጣም። ድንጋዩን ለማድ ቤቱ ግድግዳ ፈልጌው አንስቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ አያታለሁ። መጠርጠር አንዴ ከለመደ አይለቅም።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ ከፊት ጎማዋ ሥር የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል። ጎማውን ነክቶ፣ እንዳይንከባለልም ጠጠር ተሸጉጦለት። ሰሎሜን ማን ገብቶ ነበር ብላት ማንንም አላየሁም አለች። ጥጃዋ ብቻ ናት የነበረችው።

እኔም ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅሁም።

ወንድምሽ ባንተአምላክ